ተንሳፋፊ የሌለው መረብ

ባለፈው ሐምሌ ከተጂ ስመለስ ዝናቡ አላላውስ ቢለኝ ሰበታ አንዲት ምግብ ቤት ገባሁ። ዓሣ ጥብስ አዘዝኩ።

«የለም ጋሼ፤ በክረምት ማስገር ክልክል ነው። ከመስከረም በኋላ ይምጡ» አለችኝ አስተናጋጇ።

ሽሮ አስመጣሁ፤ ግን ሳልበላው ቀዘቀዘ።

ወጣት ሳለሁ ከቡራዩ በላይ ካለው ግድብ ከከድር ጋር ዓሣ እያወጣን አስፋልት ዳር እንሸጥ ነበር። ከድር አዲስ ሙሽራ ነው፤ ቀልደኛ፣ ችኩል። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይጨቀያል፣ የቀን ሥራም ይጠፋል፤ ያለን ግድቡ ብቻ ነበር።

በዚያ ሰሞን ከዓሣ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አንድ ባለሙያ መጣ። ከያዝነው አንዷን ቆሮሶ ዓሣ አንስቶ ሆዷን ቀደደና እንቁላሏን አሳየን። «ይቺን ስትይዙ የሚመጣውን ዓመት ነው የያዛችሁት» አለን። እውነቱን ነበር፤ የምናወጣው ዓሣ በየዓመቱ ያንሳል። ከዚያ በክረምት ማስገር ተከለከለ፤ ዓይኑ የጠበበ መረብም ሁሉ ተሰብስቦ ተቃጠለ። የከድርም እዚያው ነደደ፤ የላስቲኩ ሽታ ሳምንት ሙሉ ከልብሳችን አልወጣም።

«ኦቦ ገመቹ፣ አንቱም እኮ ከዚሁ ዓሣ ይበላሉ!» አላቸው ከድር የግድቡን ጥበቃ።

«እበላለሁ፤ ትልቁን ነው ግን። አንተ ገና ጡት ያልጣለውን ነው የምታወጣው» ብለው አሳቁን።

ውኃው ውስጥ ግን ሌላ መረብ ነበረን፤ ከድር ከአማቱ የተዋሰው። ጥበቃ እንዳያይብን ተንሳፋፊዎቹን፣ ማለትም ባዶ የውኃ ፕላስቲኮቹን፣ ፈትተን በድንጋይ አስጥመነዋል። ያኔ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። መረቡ ያለበትን የምናገኘው ውኃው ውስጥ ቆመን በእግራችን እየዳበስን ነው።

አንድ ቀን፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በማግስቱ በጀልባ ሜንጦ እየጎተቱ የሰመጠ መረብ እንደሚፈልጉ ሰማን። ከድር ጨነቀው። «ይሄም ከተቃጠለ በምን ዓይኔ አማቴን አያለሁ?» አለኝ። ጠዋት እነሱ ሳይመጡ በጉም ውኃው ውስጥ ገባ፤ እኔ ዳር ቆሜ መንገዱን እጠብቃለሁ። ሌሊቱን የዘነበው ግድቡን ሞልቶታል፤ ትናንት ወገቡ ጋ የነበረው ውኃ ደረቱ ላይ ደረሰ።

«እግሬ ነካው!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ጎንበስ አለ። አልተነሳም።

ጮህኩ። ኦቦ ገመቹ ጩኸቴን ሰምተው እየሮጡ መጡና ከነካፖርታቸው ዘለው ገቡ። ድፍርስ ውኃ ውስጥ እዚህም እዚያም እየጠለቁ ፈለጉት፤ የት ጋ እንደሆነ የሚያሳይ ምንም ነገር አልነበረም። ሲያገኙት መረቡ ሁለቱንም እግሮቹን ጠፍሮ ይዞታል። በቢላዋ ቆርጠው አወጡት፤ ትንፋሽ ግን አልነበረውም።

«ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄን» ይሉ ነበር እጁን እያሻሹ። «ፕላስቲኩ ቢኖርበት እኮ ቶሎ እደርስልህ ነበር።» ፕላስቲኩን የፈታነው እሳቸውን ፈርተን መሆኑን ያውቁ ነበር።

ዛሬ ግድቡ ውስጥ ዓሣው እንደበረከተ ይነግሩኛል። ደስ ይለኛል፤ ክልከላውንም አልጠላም። ነገር ግን አስተናጋጇ «ከመስከረም በኋላ» ስትል፣ እስከ መስከረም ምን እንደሚበላ ማንም ያልነገረው አንድ ባለትዳር ውኃ ዳር ቆሞ ታየኝ። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ዝናቡ አላባራም ነበር።