ቀይ እስክሪብቶና የሚጠፋው ዋይፋይ

ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ «ቀይ እስክሪብቶ» ነው የሚለው። ሃያ ሁለት ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበር፤ ጽሑፍ ሳይታተም በፊት አንብቦ ስህተቱን በቀይ የሚለቅመው እሱ ነው። ልማዱ ቢሮ አልቀረም። የመድኃኒት ማሸጊያ ሲያነብ፣ የሱቅ ማስታወቂያ ሲያይ፣ እጁ ወዲያው ወደ ደረት ኪሱ ይሄዳል። በገዛ ሠርጉ መጥሪያ ላይ ሦስት ስህተት አግኝቶ «እንደገና ይታተም» ብሎ መለሰው። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ተገፋ፤ ሙሽሪትም በሁለቱ ሳምንት ውስጥ ሐሳቧን ቀየረች። «ምን ላድርግ እትዬ፣ የአባቷን ስም ገድፈውት'ኮ ነው» አለኝ። በቃ፣ ስህተት አይቶ ማለፍ አይሆንለትም።

እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቁጣዬም ቅርብ ነው፣ ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ ራሴ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ የሰፋሁለትን ካፖርት ለማተሚያ ቤቱ ጥበቃ፣ ብርድ መታው ብሎ አውልቆ ሰጠውና ሁለት ወር ዘጋሁት። ለምሳ እኔ ጋ ሲመጣ ምሳውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬለት እሄዳለሁ፤ እሱም በልቶ፣ ሳህኑን አጥቦ፣ ድምፁን ሳያሰማ ይወጣል። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ያኔ ግን የተበደልኩት እኔ ነበርኩ የመሰለኝ።

ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ ወደ እኔ መጣ። ከስፌት ክፍሌ ቀጥላ ያለችውን ጠባብ ክፍል ሰጠሁት። ስምንት ወር ሥራ ፈታ። ሥራ የለመደ ሰው ሥራ ሲያጣ እንዴት እንደሚሆን ካላያችሁ አታውቁትም፤ ቁጭ ብድግ፣ መስኮት መክፈት፣ መስኮት መዝጋት፣ ከግድግዳ ግድግዳ መንጎራደድ። እኔ ከዚህ ወገን የስፌት መኪናዬን ስረግጥ እሱ ከዚያ ወገን ወለሉን ይረግጣል። «ኧረ በፈጠረህ አንዴ ተቀመጥ!» እለዋለሁ። ይቀመጣል። አንድ ጥለት ሳልጨርስ ተነስቷል።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። ሌላ ከተማ ያለ አሳታሚ ድርጅት ከቤቱ ሆኖ የሚሠራ አራሚ ይፈልጋል። ፈተናው በኢንተርኔት ነው፤ ፈታኟ በካሜራ እያየችው ሁለት ሰዓት ሙሉ ጽሑፍ ያርማል። ታች ላይ ግን አንድ መስመር ነበረች፦ ሥራው ያለማቋረጥ መስመር ላይ መሆንን ስለሚጠይቅ፣ በፈተናው ጊዜ ግንኙነቱ ሦስት ጊዜ የተቋረጠበት ሰው ይሰረዛል። ያቺን መስመር ደጋግሞ አነበባት። ፈተናው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀረው።

ያለው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ለመከፈት ብቻ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅበት። መንገድ ዳር ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ አየውና «ጋሼ፣ ዊንዶውሱ ከብዶት ነው፣ ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ሲስተም ልጫንበት» አለ። ሰኞ ዕለት ጫነለት። እውነትም ፈጠነ፤ ወንድሜ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ አየሁት። እኔም ደስ ብሎኝ ረቡዕ ዕለት ለላፕቶፑ ልብስ ሰፋሁለት። ወፍራም ጨርቅ፣ ዳሩ ላይ ላስቲክ ያለው፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሲሠራበት እንኳ የታችኛውን ግማሽ ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ። ለሙቀት መውጫው ቀዳዳ ተውኩለት፣ ለቻርጀሩ ተውኩለት፣ ለማውዙ ተውኩለት። ልኩን የወሰድኩት እንደ ሙሽራ ቀሚስ ነው። ወንድሜ ገልበጥ አድርጎ አየውና «እትዬ፣ ይሄ'ኮ ከላፕቶፑ ይበልጣል» አለኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ሐሙስ ዕለት ዋይፋዩ መጥፋት ጀመረ።

አሥር ደቂቃ ይሠራል፣ ድርግም። ይመለሳል፤ ሃያ ደቂቃ ይቆያል፣ ድርግም። መጀመሪያ ራውተሩን ጠረጠርነውና ከኮሪደሩ አንስተን ክፍሉ ውስጥ አስገባነው፤ እንደዚያው ነው። ስልኩ ግን በዚያው ዋይፋይ ያለ ችግር ይሠራል። ስለዚህ ጥፋቱ የላፕቶፑ ነው። የላፕቶፑ ከሆነ ደግሞ የዚያ ሊኑክስ የሚሉት ነገር ነው፤ ሰኞ ገብቶ ሐሙስ ቤቱን በጠበጠው። እኔ ምኑንም ሳላውቀው የረገምኩትን እርግማን ፈጣሪ ነው የሚያውቀው።

ወንድሜ ግን ዝም ብሎ አይረግምም። ደብተር አወጣ። የጠፋበትን ሰዓት፣ የተመለሰበትን ሰዓት፣ ያኔ ምን ያደርግ እንደነበር፣ አንድ በአንድ በቀይ ይጽፋል። ጠጋኙ መጥቶ «ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ዋይፋዩ እያንቀላፋ ነው» አለና እንቅልፉን አጠፋለት። ድርግም። «እንግዲያው ዋይፋዩን የሚያዘው ድራይቨሩ ነው» ብሎ ሌላ ጫነ። ድርግም። በመጨረሻ ደከመውና ልብሱን አውልቆልኝ፣ ላፕቶፑን ብቻውን በብብቱ ይዞ ወደ ሱቁ ሄደ። ቀኑን ሙሉ ከፍቶት ዋለ፤ አንዴ እንኳ አልጠፋም። ወደ ቤት መለሰው፤ እኔ ልብሱን መልሼ አለበስኩት፤ ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ድርግም። «ይሄ ጠጋኝ ቀልደኛ ነው ወይስ ቤቴ ነው የተረገመው?» ብዬ ጮህኩ። ወንድሜ ደብተሩን ከፍቶ ብዙ ሰዓት አፈጠጠበት።

በማግስቱ ከሰዓት ጥቁር ስክሪን ከፍቶ አንድ ትእዛዝ ጻፈና ጠራኝ። ፊቱ ቀልቷል።

«እትዬ፣ ተገኘ። ዋይፋዩን የሚዘጋው ፕሮግራም አይደለም። ማሽኑ ራሱ እየነገረኝ ነው፤ በእጅ ነው የተዘጋው ይላል። ማብሪያ ማጥፊያ አለው፣ እሱን የሆነ ነገር...»

አላስጨረስኩትም። መርፌ በአፌ ይዤ ነበር፤ ተፋሁት።

«በእጅ? በማን እጅ? እዚህ ቤት ካንተ ሌላ ያለሁት እኔ ነኝ! ዕቃህን እየነካካሁ ነው የምትለኝ? ደግሞ በገዛ ቤቴ በእጅ ነው ተባልኩ!»

«እትዬ፣ አንቺን አላልኩም...»

«ማንን ነው ታዲያ? ግድግዳውን?»

አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። ዓይኑ ከላፕቶፑ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ላፕቶፑ ሄደ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ተይው፣ ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል» አለ። ወንድሜ! ስህተት አይቶ የማያልፈው ሰው! ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ግን ደሜ ፈልቶ ነበርና ወደምሰፋው ቀሚስ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ስለ ዋይፋዩ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እየጠፋ እንደሆነ ግን ከእግሩ ይታወቃል። ይቀመጣል፣ ወንበሩ ይንቋቋል፣ ይነሳል፣ አምስት እርምጃ ወዲያ፣ አምስት እርምጃ ወዲህ። ሌሊት ምን ያህል እንደሚተኛ እንጃ፤ ጠዋት ዓይኑ ደም ይመስላል። እኔም ከእሱ ይዞብኝ፣ እጅጌ በግልባጩ ሰፍቼ ደንበኛ ፊት ተዋረድኩ።

የፈተናው ጠዋት ደረሰ። አራት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ወደ ክፍሉ ገባሁ። ሸሚዙን ለብሶ፣ ጸጉሩን በውኃ አስተኝቶ ተቀምጧል። ላፕቶፑ ግን ራቁቱን ነው፤ ልብሱ ተጣጥፎ አልጋው ላይ ተቀምጧል።

«ምነው? ዛሬ በእንዲህ ያለ ቀን ልብሱን ታወልቀዋለህ? ታጥቦ ተተኩሶ!» አልኩና በገዛ እጄ አለበስኩት። ላስቲኩን ሳብ አድርጌ ጠርዙን አስተካከልኩ። ወንድሜ እጆቼን ያያል።

«እሺ እትዬ» አለ።

ወጣሁ። መስፋት አልቻልኩም። በሩ ገርበብ ብሎ የፈታኟ ድምፅ ይሰማኛል፤ ጨዋ ሴት ናት፣ አንቱ ነው የምትለው። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ድንገት ድምጿ ቀጥ አለ። ልቤ አብሮ ቀጥ። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ «ተመለሱ? አንድ ብዬ ይዣለሁ» አለች። ክሩን በመርፌው ዓይን ማስገባት አቃተኝ። እንደገና ሃያ ደቂቃ፣ እንደገና ጸጥታ።

«ይኼ ሁለተኛው ነው ጌታዬ። አዝናለሁ፣ አንዴ ከተደገመ መዝጋት ግዴታዬ ነው።»

አላስቻለኝም። ውኃ የማቀብል መስዬ፣ ከካሜራው ጎን ጎን እያልኩ ገባሁ። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ቀኝ እጁ ይጽፋል፤ የግራ እጁ አውራ ጣት ግን በልብሱ ጠርዝ ሥር ገብታ አንድ ነገር አጥብቃ ይዛለች። እዚያ ቦታ ምን እንዳለ አውቃለሁ፤ ልክ ስወስድ አይቻታለሁ። የምስር ፍሬ የምታክል፣ ወዲያና ወዲህ የምትንሸራተት ነገር ናት። ጌጥ መስላኝ ጨርቅ አለበስኳት፤ ያውም ድርቡን ስፌት ያሳረፍኩት እሷው ላይ ነው።

ደብተሩ ከክርኑ አጠገብ ተከፍቶ ነበር። ቀዩን ጽሑፍ አነበብኩት።

«ልብሱ ሲወልቅ፦ ሦስት ሰዓት፣ አልጠፋም። ልብሱ ሲደረግ፦ በአሥራ አንድ ደቂቃ ጠፋ፤ ጨርቁ ሲሳብ ማብሪያዋን ወዲያ ወዲህ ይገፋታል። ማብሪያዋን በፕላስተር ለጠፍኳት፦ ጨርቁ ፕላስተሩን ይዞት ይሄዳል። በፕሮግራም ማብሪያዋን ችላ እንዲል ሞከርኩ፦ አልሆነም። የቀረው መፍትሔ፦ ልብሱ ሳይወልቅ የሆነ ዘዴ።»

ቀኑን አየሁት። ይሄ ገጽ የጀመረው እኔ «በማን እጅ?» ብዬ ከጮህኩበት ቀን ማግስት ነው። «ልብሱ ሳይወልቅ» የሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ሄጄ ትልቁን መቀስ አመጣሁ፤ በጉልበቴ ተንበርክኬ ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ጉልበቴ ቋ ሲል ወንድሜ ደነገጠ፤ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «ተይ፣ እትዬ» አለኝ። ወይ ተይ! የፊቱን ጠርዝ፣ ላስቲኩን፣ ድርቡን ስፌት፣ ከዳር እስከ ዳር ሸረከትኩት።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለች ፈታኟ፣ «እዚያ ጋ የሚታየኝ መቀስ ነው?»

«አዎ። እህቴ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት።»

«ሁሉም... ደህና ነው?»

«አሁን ደህና ነው» አለና የግራ እጁን አነሳ።

የቀረውን አንድ ሰዓት ከጠረጴዛው ሥር አልወጣሁም፤ ብንቀሳቀስ የሚጠፋ መስሎኝ። አልጠፋም። ሰዓቱ አለቀ፤ ፈታኟ ውጤቱን ዓርብ እንደምታሳውቅ ነግራው ተሰናበተችው። ላፕቶፑን ዘጋ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ። «ስምንት ወር የጠበቅከው ሥራ በአንድ ቁራጭ ጨርቅ ሊቀር? ሞኝ ነህ? አውልቀህ ብትጥለው ምን እሆናለሁ?»

«ነገርኩሽ'ኮ እትዬ» አለ። አልተቆጣም፣ ይሄ ነው የገደለኝ። «ለመንገር ጀምሬ ነበር። ደግሞ ካፖርቱን አስታወስኩ። ሁለት ወር ነው ያላናገርሽኝ። ሥራስ ሌላም ይገኝ ይሆናል፤ አንቺ ስትዘጊኝ ግን ይሄን ቤት አልችለውም።»

አልቅሼ አላውቅም፣ ፊቱ ማለቴ ነው። ያን ቀን መቀሱን በያዘው እጄ ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ። እሱ ደግሞ የተቆረጠውን ጠርዝ ከወለል አንስቶ ስፌቱን በጣቱ እየዳበሰ «ግን እንዴት ያለ ሥራ ነው፣ አንድ ክር አልሳተም» ይለኛል።

ዓርብ ዕለት ተቀበሉት። አሁን ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማኝ የእግሩ ኮቴ ሳይሆን ጽሑፍ ሲመታ ነው፤ እንዲያውም ጸጥታውን መልመድ አቅቶኝ አንዳንዴ እኔው ተነስቼ እንጎራደዳለሁ።

ያን ዓርብ ከሰዓት አዲስ ጨርቅ ቆርጬ ላፕቶፑ ላይ ለካሁና ከኪሱ ቀይ እስክሪብቶውን መዝዤ በእጁ ሰጠሁት።

«የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? አሳየኝ» አልኩት።

ዓይኔን አየ፣ ጨርቁን አየ፣ እንደገና ዓይኔን አየ። ከዚያ ጠርዙ ላይ ትንሽ ቀይ ክብ አደረገ። እኔም እዚያው ላይ ቀዳዳ አወጣሁ።