በሁዳዴ የተቀቀለ አጥንት

ከጎጃም የወጣን ሌሊት እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ዓባይን በበቅሎ ስትሻገር ሆዷን በእጇ ደግፋ ነው። መንገዱን አትጠይቁኝ፣ ድካሙ ዛሬም አልወጣልንም። አባቴ ነቀምቴ ዘበኝነት ተገኘ ብሎ ነው ያመጣን። እዚህ ዝናቡ በበጋም አይተወን፣ እንጨቱ እርጥብ፣ ሽሮው እንኳ እንደኛ አይሸትም። ኮረሪማው ግን! እኛ በፍሬ እየቆጠርን የምንገዛውን እዚህ ጎረቤት በእፍኝ ይሰጣል።

እናቴ ወለደች፤ ወተቷ ግን ነጠፈ። የወንድሜ ለቅሶ እየሳሳ ሄደ። ለአራስ ሥጋ ባይከለከልም ሁዳዴ ነውና ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ (እዚህ ወይዘሮን እንዲህ ነው የሚሉት) የሚሲዮን ሃይማኖት ተከታይ ስለሆኑ ሁዳዴን አይጾሙም። ባላቸው በግ አርደው ነበርና አጥንቱን በድስት ይዘውልን መጡ።

አከራያችን እትዬ አሰገደች በር ላይ ቆሙ።

«በሁዳዴ ከቤቴ የሥጋ ሽታ ሊወጣ?»

«አራስ ናት እኮ፣ እትዬ» አለ አባቴ።

«እሷ አራስ ናት፤ እኔም አራስ ነኝ? ሽታው እኔ ጋ ይመጣል!»

«አዪ እትዬ! የሚጾመው አፍ ነው አፍንጫ?» አሉ አዴ ጫልቱ፤ ድስቱን አንስተው ወደ ጓሯቸው ይዘውኝ ሄዱ።

እዚያ አረፋውን እየገፈፍኩ፣ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ በዝግታ ቀቀልነው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ደቁሰን፣ ኮረሪማ ፈልቅቀን ጨመርን፤ ሊወጣ ሲል ጤና አዳም። መቅኔው ቀልጦ ላዩ ሲያብረቀርቅ ደስታዬን ብታዩ!

እናቴ ግን መረቁን አይታ «ማን ነው ያረደው?» አለች።

«የአዴ ጫልቱ ባል።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የኛ ሃይማኖት ሰው ያላረደው እንደማይበላ እናንተም ታውቃላችሁ።

አዴ ጫልቱ አልተከራከሩም። የራሳቸውን ልጅ ከጀርባቸው አውርደው ለእኔ ሰጡኝና ወንድሜን አንስተው ጡታቸውን አጎረሱት። ሲውጥ ይሰማል።

እናቴ ቀስ ብላ ዞረች። «ልጄ ያንቺን ጡት ከጠባማ እህቴ ሆንሽ። የእህት ቤት ምግብ ይጣላል? አምጪው።»

ቀምሳ እንባዋ ወረደ።

«ምነው፣ መረረሽ?» አሉ አዴ ጫልቱ።

«ኧረ ይጣፍጣል። ግን ይቺን ስወልድ ያጠጣችኝ እናቴ ነበረች፤ በእጇ» አለች ወደ እኔ እያየች።

አዴ ጫልቱ ሳህኑን ተቀብለው ወደ አፏ አስጠጉላት። «ዱጊ፣ ኦቦሌቲ ኮ» አሉ፤ ጠጪ፣ እህቴ ማለታቸው ነው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ጠጣች።

ወተቷ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ወንድሜም ወፈረ። እናቴ ግን መረቅ ስትጠጣ ዛሬም ዓይኗን ትጨፍናለች። የት ደርሳ እንደምትመለስ ብጠይቃት አትነግረኝም።