ዋይፕ ማለት መጋረጃ ነው

ዱባይ ልሄድ በተነሣሁበት ምሽት ቄራ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሻንጣዬን እናቴ በስልክ መብራት ነው የዘጋችልኝ። እናቴ በወጣትነቷ ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ኖራ የተመለሰች ናት። ስለዚያ ዘመን አታወራም። የዚያን ዕለት ግን ዚፑን ስባ ስትጨርስ እጄን ያዘችኝ።

"ሰኒ፣ እኔ የሠራሁትን ሥራ እንዳትሠሪ። ሌላ ከጠፋ ተመለሺ።"

"አልሠራም እማዬ።"

"ማዪልኝ።"

"እግዜርን።"

የማልኩት ሙያ ስላለኝ ነው። ካዛንቺስ፣ ጋሽ ሙላቱ ቪዲዮ ቤት፣ የሰርጉ ካሜራዎች የሚልኩትን ምስል ከፊቴ ደርድሬ እየመረጥኩ የምቀያይረው እኔ ነበርኩ፤ ሙያው ስዊቸር ይባላል። በአዳራሹ ትልቅ ስክሪን የሚታየው እኔ የመረጥኩት ነው። ትእዛዞቹ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባሉ ግን አስጨንቆን አያውቅም። ጋሽ ሙላቱ በጆሮ ማዳመጫው "ቁረጪ" ሲሉኝ ካሜራውን ባንዴ እቀይራለሁ፤ "አቅልጪ" ሲሉኝ አንዱ ምስል ቀስ ብሎ ሌላው ውስጥ ይጠፋል፤ "መጋረጃ" ሲሉኝ አዲሱ ምስል ከጎን እየተሳበ አሮጌውን ይሸፍነዋል። ሙሽሮች መጋረጃ ይወዳሉ። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ግን ቪዲዮ ቤቱም ተነሣ፣ እኛም ቄራ ዘመድ ጋ ተጠጋን፣ በቃ ተበተንን።

ቦሌ ላይ ፓስፖርቴን የያዘው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ።

"ሥራሽ ምንድን ነው?"

"ስዊቸር ነኝ።"

"ስዊች? ማብሪያ ማጥፊያ?"

"እንደዚያ በለው።"

"ሴት ኤሌክትሪሺያን አይቼ አላውቅም" አለና ማህተሙን መታልኝ።

ዱባይ ስወርድ የተቀበለኝ ሙቀት የዳቦ ቤት ምድጃ ሲከፈት ፊት ላይ የሚመታው ዓይነት ነው። እንጀራ አለ፣ ግን ሩዝ ስለሚበዛበት በማግስቱ ይሰባበራል። ጎረቤት እንዴት አደርሽ አይልም። እዚህ "ቤድ ስፔስ" የሚሉት ነገር አለ፤ ቤት ሳይሆን አንድ ተደራራቢ አልጋ ብቻ መከራየት ማለት ነው። የኔን የሚያከራዩኝ እትዬ ብርቄ የሀገሬ ሰው ናቸው።

"ቪዛሽ መቼ ነው የሚያልቀው?" አሉኝ አንድ ቀን።

"በዚህ ሳምንት።"

"አልጋውም አብሮ ያልቃል። የቤት ሠራተኛ የሚፈልጉ ደንበኞች አሉኝ፣ ልውሰድሽ?"

"ነገ በሙያዬ የሙከራ ሥራ አለኝ እትዬ።"

"ሁሉም እንደዚያ እያለ ነው የሚጀምረው።"

የሙከራ ሥራው በቀጥታ የሚተላለፍ የሽልማት ዝግጅት ነበር። ዳይሬክተሩ ቶማስ የሚባል ሕንዳዊ ነው፤ "ከወደድኩሽ ቪዛ እናወጣልሻለን፣ ካልወደድኩሽ ደህና ሁኚ" ብሎ ጆሮ ማዳመጫ ሰጠኝ። "ሬዲ ቱ" ሲል ሁለተኛውን ካሜራ አዘጋጃለሁ፣ "ቴክ ቱ" ሲል አየር ላይ አወጣዋለሁ፤ እስከዚህ ደህና ነበርኩ።

ከዚያ "ዋይፕ ቱ!" አለ።

እኔ የማውቀው ዋይፕ የሕፃን መጥረጊያውን ነው። ሁለተኛውን ሞኒተር ባየው የጣት አሻራ አለበት። ሻርፔን ከአንገቴ ስቤ ጠረግሁት። "ዋይፕ! ዋይፕ!" ድምፁ ጨመረ፤ እኔም አጥብቄ ፈተግሁ። ተሸላሚው ከመድረክ ከወረደ ቆይቷል፣ አየር ላይ ያለው ባዶ መድረክ ነው። ቶማስ መጥቶ በትከሻዬ ላይ እጁን አሳልፎ ራሱ ቁልፉን ተጫነ።

"ስዊቸር ላኩልኝ ብል ጽዳት ላኩልኝ እንዴ?"

ሁሉም ሳቀ። እንባዬ መጣ፣ ዋጥኩት። ዕረፍት ላይ ሄጄ "ዋይፕ የምትለውን አሳየኝ" አልኩት። ቁልፉን ተጫነ፤ አዲሱ ምስል ከጎን እየተሳበ አሮጌውን ሸፈነው።

"መጋረጃ!" አልኩ በአማርኛ።

"ምን?"

"አውቀዋለሁ።"

"እናያለን። አንድ ስሕተት ከደገምሽ ሌላ ሰው አስቀምጣለሁ።"

በሁለተኛው ክፍል ዋይፕ ባለ ቁጥር በአፌ "መጋረጃ" እያልኩ በጣቴ እጫናለሁ። መጨረሻው አካባቢ "ክሊን! ጊቭ ሚ ክሊን!" ብሎ ጮኸ። እጄ ወደ ሻርፔ ሄደ። መለስኩት። ስክሪኑን አየሁ፤ አዲስ ሰው እየተናገረ ነው፣ ከሥሩ የተጻፈው ስም ግን ያለፈው ተናጋሪ ነው። ክሊን ያለው ጽሑፍ የሌለበትን ምስል ይሆናል ብዬ ጽሑፉን አጠፋሁ። ቶማስ ወደ ቀጣዩ ትእዛዝ አለፈ። ሲያልቅ ነው "ነገ ፓስፖርትሽን ይዘሽ ነይ" ያለኝ።

ከአዳራሹ ሳልወጣ እናቴ ጋ ደወልኩ።

"እማዬ፣ ሥራ አገኘሁ። የራሴን ሥራ።"

"ተመስገን። ምን ምን ሠራሽ ዛሬ?"

ደስታው አፌን ፈታው። "መጀመሪያ ዋይፕ አቅቶኝ ሰውዬው ጮኸብኝ። በኋላ ለመድኩት፤ ዋይፕ ሲለኝ ዋይፕ፣ ክሊን ሲለኝ ክሊን።"

ከጀርባዋ የቄራ መኪና ጥሩምባ ይሰማኛል።

"ሰኒ።"

"አቤት።"

"ዋይፕና ክሊንማ ቤይሩት ጠዋት ማታ የምሰማቸው ነበሩ።"

"እንደሱ አይደለም እማዬ! ዋይፕ ማለት መጋረጃ ነው።"

"መጋረጃም አጥቤያለሁ ልጄ።"

አስረዳሁ፣ ስለ ካሜራው፣ ስለ ጋሽ ሙላቱ፣ ስለ መሐላዬ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ፤ የሚያባብል ሰው እንደሚሰማ።

"እሺ፣ እሺ። አልተቆጣሁሽም። ብቻ በረኪናው እጅ ይበላል፣ ማታ ማታ ቫዝሊን ተቀቢ።"

እቀባለሁ አልኳት።