ስቅለት ሳይደርስ የያዘኝ ሕመም

አንድ ዓመት፣ ስቅለት ዕለት ሰው ሁሉ ሲሰግድ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ሥራዬ የሆቴል ላውንደሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ እርጥብ አንሶላ ሳወጣ ወገቤ አልታጠፍ ብሎኝ ነበር። በዓመቱ ግን እሰግዳለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ልጄ ይህን ስትሰማ «ማሚ፣ ሆት ዮጋ ወገብ ያፍታታል፤ ፈርስት ክላስ ፍሪ ነው» ብላ ይዛኝ ሄደች። ለስቅለት ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር።

ክፍሉ ከላውንደሪያችን ይብሳል፣ ይፋጃል። መስታወት ፊት ከፈረንጆቹ ጋር ተደርድሬ እጄን ወደ ላይ ስዘረጋ፣ ላቤ ከአፍንጫዬ ጫፍ ሲንጠባጠብ፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አስተማሪዋ የውሃ ጠርሙስ ብታቀርብልኝ ራሴን ነቀነቅኩ። ጾም ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ምን ይቀመሳል? ስወጣ ሰውነቴ ከመቅለሉ የተነሳ እስከ ሰፈራችን ፓርክዴል በእግሬ ካልሄድኩ ብዬ ልጄን አስቸገርኳት።

በማግስቱ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ጭኔም፣ ሆዴም፣ ብብቴ ሥር ሳይቀር ተያይዟል። ሳስነጥስ እንኳ ያመኛል። ላብ ላይ ብርድ መታኝ፣ በቃ ሽባ ሆንኩ አልኩ። ልጄ «ሶርነስ ነው ማሚ፣ የጡንቻ ሕመም፤ ጀስት ተራመጂ» ብትለኝ አልሰማኋትም። ወገቤን በነጠላ ጠፍሬ፣ ብርድ ልብስ ደራርቤ ሁለት ቀን ሳልንቀሳቀስ ተኛሁ። ይብሱን ደረቅሁ። ስቅለቱ ደግሞ እየመጣ ነው።

ቅዳሜ ከላይ ፎቅ ያሉት እትዬ ሊጠይቁኝ መጡ። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። ነገሩን ነገርኳቸው።

«ውሃ ሳትጠጪ እሳት ቤት ገባሽ?»

«ጾም ነዋ፣ እትዬ።»

«እሱስ ይሁን። አገር ቤት ስቅለት ስትሰግጂ ውለሽ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንዴት ነበርሽ?»

«ኧረ ደረጃ መውረድ ነበር የሚያቅተኝ።»

«ታዲያ ሽባ ሆንኩ ብለሽ ተኛሽ?»

«የት ተኝቼ፤ የዶሮውን ሽንኩርት ማን ሊከትፍልኝ?»

«በይ ተነሺ። የያዘሽ እሱው ነው።»

ሳቄ ሲመጣ ሆዴን ይዤ አቃሰትኩ፤ ግን ደስታው ነው የባሰብኝ። ክንዴን ይዘው በኮሪደሩ አመላለሱኝ። መጀመሪያ በግድግዳው እየተደገፍኩ፣ ኋላ ብቻዬን። ሦስተኛው ዙር ላይ እግሬ መፍታታት ጀመረ። ከዚያ ውሃዬን ጠጥቼ ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ተዘፈዘፍኩ። ሰኞ ደረጃውን በጎኔ ወረድኩ፤ ረቡዕ እንደ ሰው።

ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ልጄ ወንበር ይዛልኝ ቆመች። «ለእትዬ ስጫቸው» አልኳት። ግንባሬ ምንጣፉን ነካ፤ ተነሳሁ፣ ወገቤ እሺ አለኝ፣ ደግሜ ወደቅኩ። ስንት ጊዜ እንደሰገድኩ አላውቅም።

እትዬ ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ልጄ። ነገ ሽንኩርት አለብሽ።»