የግንደወይኑ ዳኛ

ልጅ ሳለሁ በቢቸና ማፏጨት የተፈቀደልኝ ሴት ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁለት ጣቶቼን ከምላሴ ሥር አስገብቼ ሳፏጭ የጎረቤት ውሻ ሁሉ ይጮኽ ነበር። ቀን ላይ ባደርገው እናቴ «ሴት ልጅ ታፏጫለች እንዴ!» ብላ በኩርኩም ትለኛለች፤ ምሽት ላይ ግን፣ ከብቱ ገብቶ ራት እስኪቀርብ ባለው ጊዜ፣ አያ ደምሴ የኳሱን ወሬ ሲያወጋ ፉጨቱ የእኔ ድርሻ ስለነበር ማንም አይቆጣኝም። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ፉጨት ነው። ባሰብኩት ቁጥር አፌን መጉመጥመጥ ያሰኘኛል።

አያ ደምሴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ እኔና እናቴ የኖርነው በእሱ ግቢ፣ የበላነውም ከእሱ ጎተራ ነው። ለታላቅ የሚገባውን አንቱታ በፊቱ አንድም ቀን ሳላጓድል ኖሬያለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አልሰጠውም። ለምን እንደሆነ አንባቢ ሲደርስበት ይፍረድ።

ያኔ፣ በንጉሡ ዘመን፣ ቤታችን ከኩራዝ ሌላ መብራት አያውቅም ነበር። ኩራዙ ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ጣራውን ጥላሸት ያለብሰዋል፤ ምድጃው ላይ የተደረደረው ኩበት እየተግተለተለ ሲጨስ ዓይናችንን እያሸን እንቀመጣለን፤ ጭሱ አልፎ ፍሙ ሲቀላ የሰዉ ፊት ከግንባሩ በታች ብቻ ይታያል። አያ ደምሴ መደቡ ላይ ሆኖ ሽመሉን በጉልበቶቹ መካከል ያቆማል። ያ ሽመል በቅቤ ታሽቶ የሚያብለጨልጭ፣ ጫፉ በብረት የታሰረ ነበር፤ ሲያወጋ አንዴ የግብ ቋሚ ይሆናል፣ አንዴ ተጫዋች፣ አንዴ ደግሞ ተመልካች። ጅብና አህያ የሚነጋገሩበትን ተረትም ያውቅ ነበር፤ ግን የኳሱ ወሬ ከመጣ ወዲህ ጅቡንም አህያውንም የሚጠይቀው ጠፋ።

አድማጮቹ ከእኔ ሌላ ሁለት ነበሩ። አንዱ ፈንቴ ነው፤ ገበያው ዳር ልብስ የሚሰፋ፣ እጁ ላይ ሁልጊዜ ክር የማይጠፋ ሰው። ሁለተኛው አለቃ ይትባረክ ናቸው፤ ደብሩን ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉ፣ ቅኔ ያስተማሩ፣ ሰው ሲጣላ «እሳቸው ይዩልን» የሚባሉ ሽማግሌ። አለቃ በዕድሜያቸው አንድም የኳስ ጨዋታ አይተው አያውቁም። በክርክሩ ግን የሚችላቸው አልነበረም።

ወሬው እንዲህ ነው። የቢቸናና የሞጣ ተማሪዎች በኳስ ሲገናኙ አንዴ እኛ፣ አንዴ እነሱ እያሸነፉ ቆይተው የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ተደረሰ። ሞጣ «ቢቸና አንሄድም» አለች፤ ቢቸናም «ሞጣ አንረግጥም» አለች። ብዙ ከተነታረኩ በኋላ መካከል ላይ ያለችው ግንደወይን ተመረጠች። እዚህ ላይ ወሬው ይቆምና የአለቃ ተራ ይሆናል።

«ግንደወይን ለሞጣ ጓሮዋ ናት!» ይላሉ ዋንጫቸውን አስቀምጠው። «እኛ በደብረ ወርቅ በኩል ያን ሁሉ መንገድ ስንዳክር፣ እነሱ ቁርሳቸውን በልተው ከች ይላሉ። ይህ ፍርድ ነው?» አለቃ «እኛ» ይበሉ እንጂ ያን ቀን ከደብሩ ግቢ አልወጡም።

«ሜዳውስ ቢሆን፣ አለቃ!» ይላል ፈንቴ። «ወደ እነሱ ግብ ዳገት፣ ወደ እኛ ቁልቁለት።»

በዕረፍት ሰዓት ጎን እንደሚቀያየሩ ሁሉም ያውቃሉ፤ ዳገቱ ለሁለቱም እኩል እንደደረሰ ግን ማንም አንስቶ አያውቅም። እኔም አላነሳሁም። ቢቸና ተበድላለች፤ አለቀ። ያኔ ከዚህ የሚጣፍጥ ነገር አልነበረም።

ዳኛ ሲፈለግ ደግሞ ሁለቱም ወገን የየራሱን መምህር ቢያቀርብ ሌላው አልቀበልም አለ። በመጨረሻ የግንደወይን ክሊኒክ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያክመው፣ ተገኘ። ከአሰላ ተመድቦ የመጣ ሰው ነው፤ አገሩ ላይ ኳስ ተጫውቷል፣ ፊሽካም አለው። «እዚህ ዘመድ የለውም፤ አያዳላም» ብለው ሁለቱም ወገን ይዳኘን አሉ።

ከዚያ አያ ደምሴ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንድ ለአንድ ናቸው። ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ቀርቷል። ኳሷ ከቀኝ መጣች፤ የእኛ ልጅ ተነሣ፤ በግንባሩ ገጫት፤ ገባች! ሽመሉ ወለሉን ይመታል። ቢቸና በእልልታ ስትደበላለቅ፣ አያ ደምሴ ወደ እኔ በአገጩ ይጠቁማል፤ እኔም ጣቶቼን አስገብቼ አፏጫለሁ። ዳኛው ነፋ ማለት ነው። በእጅ ነው አለ ማለት ነው። ሰዉ ዱላውን እየመዘዘ ወደ ሜዳው ገባ። ዳኛውም፣ ይላል አያ ደምሴ ድምፁን አቅጥኖ፣ የሰውየውን አነጋገር እያጣመመ፣ «በሕግ አምላክ!» አለ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይጠማዋል። ጠላውን የምቀዳለት እኔ ነኝ። እስኪጠጣ እንጠብቃለን። አፉን ጠርጎ ሲቀጥል ዳኛው ባቄላ ማሳ ውስጥ ነው፤ ቁምጣው ተቀዶ፣ ፊሽካው ጠፍቶ፣ «እናቴ ድረሽልኝ» እያለ ይሮጣል፤ ቦይ ውስጥ ይወድቃል፤ ተነሥቶ ደግሞ ይሮጣል። ፈንቴ ሆዱን ይዞ ይንከተከታል። አለቃ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ። እኔ መደቡ ላይ እንከባለል ነበር።

በሕግ አምላክ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር እንዳልል አውቅ ነበር። ይህ ቃል ሲጠራ የሚሮጥ ይቆማል፣ የተነሣ ዱላ ይወርዳል። እኛ ልጆች እንኳ ስንሯሯጥ የደከመው «በሕግ አምላክ» ካለ እግራችንን እንተክላለን፤ አልፎ የነካው ከጨዋታ ይባረራል። እንግዲህ ሰውየው ይህን ካለ በኋላ ለምን ሮጠ? ማን አባረረው? ያን ሁሉ ምሽት ይህን አልጠየቅኩም። ጠላ እቀዳ ነበር።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ ሞጣ የምትኖረው የእናቴ እኅት ወልዳ ለክርስትናው በጭነት መኪና ሄድን። በበዓሉ ማግስት ጓሮ ውስጥ ስሯሯጥ የዛገ ምስማር እግሬን ወጋኝ፤ ሲያድር አበጠና እናቴ ደግፋ ወደ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ቀጭን ሰው ተቀበለን። ግራ ክንዱ ከክርኑ አይዘረጋም፤ ፋሻ ሲፈታ አንዱን ጫፍ በጥርሱ ይይዛል። ቁስሌን ሲጠርግ እንዳልጮኽ ነው መሰለኝ፣ ያስወራኝ ጀመር።

«ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከቢቸና።»

«ቢቸና ኳስ ይወዳሉ አይደል?»

ይህን እኔን መጠየቅ! እግሬን እዚያው ትቼ ጀመርኩት። ግንደወይን ለሞጣ ጓሮዋ መሆኗን፣ ዳገቱን፣ በግንባር የገባውን ግብ፣ አንዱንም አላስቀረሁም። እናቴ ትከሻዬን ጨመቅ አደረገችኝ፤ አይዞሽ ያለችኝ መሰለኝ። ፉጨቱ ላይ ስደርስ አፏጨሁ፤ በረንዳ ላይ ተራ የሚጠብቁት በሽተኞች ዘወር አሉ። ድምፄን አቅጥኜ፣ አነጋገሬን አጣምሜ «በሕግ አምላክ!» አልኩ። ባቄላ ማሳው ውስጥ አስሮጥኩት፣ ቦይ ውስጥ ጣልኩት፣ እናቱን አስጠራሁት። ከዚያ ሳቁን ጠበቅኩ።

አልሳቀም። ጥጡን ይዞ ቆሟል።

«እኔ አልሮጥኩም» አለኝ።

ምን እንዳለ አልገባኝም። እናቴ ግን ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

«ዳኛው እኔ ነበርኩ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ያኔ የምሠራው ግንደወይን ነበር። ልጁ ኳሷን በእጁ ነው ያገባት፤ ራሱም አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሰዉ ዱላ ይዞ ሲመጣ በሕግ አምላክ አልኩ። ቆሙ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያ ሁሉ ሰው ቆመ። ቃሉን በአገሬም አውቀዋለሁ፤ ያን ያህል ሰው አንዴ ሲያቆም ያየሁት ግን ያን ቀን ነው፤ ደስ አለኝ። ሜዳውን ላስለቅቅ ዘወር ስል ከኋላዬ አንድ ሰው ‹ኳስ ደግሞ ምን ሕግ አለው!› ሲል ሰማሁ። ከዚያ የተሰማኝ ክንዴ ነው። መልኩን አላየሁትም።»

«ባቄላ ማሳውስ?» አልኩት። አፌን በቆረጠው።

«ማሳ አላየሁም። በቃሬዛ ነው የወሰዱኝ።»

እናቴ «ሐኪም፣ ልጅ ናት፣ ይቅር ይበሉን» አለች። «እሷ ምን አጠፋች» አለና ፋሻዬን ጫፉን በጥርሱ ይዞ ቋጠረው። ያ ጥርስ፣ ያ የማይዘረጋ ክንድ፣ እኔ መደብ ላይ የተንከባለልኩበት ሳቅ ነበር። ከደጅ እንደወጣን አስታወከኝ፤ እናቴ በቁስሉ ነው ብላ ለአክስቴ ነገረች።

ወደ ቢቸና ስንመለስ መኪናው ላይ ጆሮዬ ሥር «ይህን ነገር ለአያ ደምሴ እንዳታነሺበት። የምንበላው የእሱን እህል ነው» አለችኝ። እኔ ግን በልጅ ጭንቅላቴ ሌላ ነገር አስቤ ነበር። አያ ደምሴን ሰው አሳስቶ ነግሮታል፤ እውነቱን ቢያውቅ ወሬውን ያስተካክለዋል፤ ዳኛውን ከባቄላ ማሳው ያወጣዋል።

ሦስት ምሽት ዝም አልኩ። በአራተኛው አለቃም ፈንቴም መጡ፤ ዳገቱ ተወራ፣ የግንደወይን ነገር ተነሣ፣ ኳሷ ከቀኝ መጣች። አያ ደምሴ በአገጩ ጠቆመኝ። አላፏጨሁም። ደገመኝ።

«ምን ሆነሻል? ሞጣዎች አፍሽን ሰፉት?» አለ፤ ፈንቴ ሳቀ።

«አያ ደምሴ፣ ዳኛው አልሮጡም» አልኩ። «ክንዳቸው ተሰብሮ በቃሬዛ ነው የሄዱት።»

«ማን አለሽ?»

«ራሳቸው።»

አያ ደምሴ አንዴ ወደ ጓዳ፣ እናቴ ወዳለችበት ተመለከተ። ከዚያ እጁን አወናጨፈና በከንፈሩ እራሱ አፏጨ፤ ሰዉ ዱላውን መዘዘ፤ ሽመሉን ከራሱ በላይ አነሣና በዚያ በቀጠነ ድምፅ የዳኛውን ቃል ጠራ። ያኔ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። በራሴ ድምፅ፣ ሳላቀጥነው፣ «በሕግ አምላክ!» አልኩት።

አለቃ ወደ አፋቸው የወሰዱትን ዋንጫ መለሱት። ፈንቴ በጣቱ የሚያፍተለትለውን ክር ተወ። ልማድ ነውና የልጅ አፍ ቢጠራውም ቆሙ። ሽመሉም አየር ላይ ቆሞ ነበር፤ ለጥቂት ቆሞ ነበር። ከዚያ አያ ደምሴ ዓይን ዓይኔን እያየ፣

«ኳስ ደግሞ ምን ሕግ አለው!» አለና ሽመሉን መሬቱ ላይ አሳረፈው።

ያን ቃል እኔ አልነገርኩትም ነበር። ሽመሉን አየሁት፤ በጫፉ ያለውን ብረት አየሁት። ከዚያ ወደ አለቃ ዞርኩ፤ ሰው ሲጣላ እሳቸው ይዩልን ይባል የለ! አለቃ ፍሙን ያያሉ። ፈንቴ ክሩን ይፈልጋል። አንዳቸውም አልደነገጡም። አዲስ ነገር የሰማ ሰው በዚያ ቤት ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ሁሉ ምሽት እያወቁ ነው የሳቁት፤ የእንባቸውን ጠብታ በነጠላ የጠረጉት እያወቁ ነው።

በመጨረሻ አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያም ሆነ ይህ» አሉ፣ «ጨዋታው ግንደወይን መደረግ አልነበረበትም።»

«አልነበረበትም!» አለ ፈንቴ፣ እፎይ እያለ። ክርክሩም ቀጠለ።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበው ሜዳው እንዲህ ቢሆን፣ ዳኛው ባይሸጥ እያሉ ሲጯጯኹ ክፍሉን ለቅቄ እወጣለሁ። ኳስ አትወድም ይሉኛል። ከዚያ ምሽት ወዲህ ጣቴን ከምላሴ ሥር አስገብቼ አላውቅም። ሰው ምርጫ ሲያጣ የማይሆነውን ያደርጋል እያልኩ አያ ደምሴን ይቅር ለማለት የሞከርኩበት ጊዜ ነበር፤ አልሆነልኝም፤ ማንም አላስገደደውም። አለቃንም አልማርኳቸውም፤ ሲሞቱ የተነበበላቸውን ምስጋና ጥርሴን ነክሼ ሰማሁ። ድሬሰሩን የመረጡት ዘመድ የለውም ብለው ነበር፤ የመቱትም፣ ከተመታ በኋላ የሳቁበትም በዚያው ምክንያት ነው።

የእነሱ ይሁን። እኔን እስከ ዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ ግን ሌላ ነው። ያን ምሽት ክርክሩ ሲሞቅ አያ ደምሴ ሳያየኝ ባዶ ዋንጫውን ወደ እኔ ዘረጋ። እናቴ ከጓዳው በር ሆና ታየኛለች፤ በዓይኗ ትለምነኛለች። በእግሬ ላይ ያቺ በጥርስ የተቋጠረች ፋሻ ገና አልተፈታችም።

ቀዳሁለት።