ጋሽ ይትባረክና የሚጾሙት ኮምፒውተሮች

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ላይ የውባለምን ስም ሳይ፣ ሰላም እንኳ ሳልላት «እሺ፣ ተከፈተ?» ነው ያልኳት።

«ሐያት፣ አባዬ እኮ አልነቃም» አለችኝ።

ይኸው አሥር ሰዓት ሆነ፣ እኔ ግን አሁንም አልገባኝም። ጋሽ ይትባረክ ባለፈው እሑድ በጀልባ ከሐይቁ ማዶ ወዳለችው ደልጊ፣ ልጃቸው ውባለም ጋ ሲሄዱ ወደቡ ድረስ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። የኔን ፕሮግራም የያዘውን ፍላሽ ሸሚዝ ኪሳቸው ከትተው ኪሱን በመርፌ ቁልፍ ዘግተውታል። «ከራሴ ይልቅ ለሱ ነው የምፈራው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። አሁን ሞቱ ሲባል ይታመናል?

ለማታውቋቸው፦ ጋሼ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ነበሩ ልበል መሰለኝ። መሥሪያ ቤቶች «አበቃለት» ብለው በጨረታ የሸጡትን ኮምፒውተር ሽምብጥ ሰፈር ግቢያቸው ውስጥ ያለችው ሰርቪስ ክፍል ይሰበስባሉ። አቧራውን በቀለም ብሩሽ ይጠርጋሉ፣ ራም የሚባለውን የማስታወሻ ካርድ አውጥተው በላጲስ ይፈገፍጋሉ፣ ሦስት የማይሠሩትን አጋብተው አንድ የሚሠራ ያወጣሉ። ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ይጭኑበትና ፕሮግራም መጻፍ ለፈለገ ሁሉ በሩ ክፍት ነው። እኔም ላፕቶፕ መግዛት ሳልችል ኮድ መጻፍ የጀመርኩት እዚያች ክፍል ነው።

ክፍሏ አንድ ሕግ አላት። ረቡዕና ዓርብ አዲስ ላፕቶፕ አይከፈትም። ጋሼ የቄስ ልጅ ናቸውና «አዲሱ ፍስክ ነው፤ ዛሬ በአሮጌው ነው» ይላሉ። የሠራነውን ሁሉ ይዘን አሮጌዎቹ ላይ እንቀመጣለን። እነሱ ላይ ያልሠራ ፕሮግራም አለቀ አይባልም።

መጀመሪያ ሰሞን «ጋሼ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ረቡዕን አልጾምም» ብዬ ላመልጥ ሞክሬ ነበር።

«አንቺን ማን ጹሚ አለሽ? የሚጾመው ፕሮግራምሽ ነው!» አሉኝ።

አንድ ዓርብ ለውባለም መድኃኒት ቤት የሠራሁትን ፕሮግራም አመጣሁ። ጊዜው ሊያልፍበት የደረሰውን መድኃኒት ቀድሞ የሚያሳይ ነው። ውባለም ያለፈበት መድኃኒት ለሰው እንዳትሰጥ ሁሌ ትፈራለች፣ ያላት ደግሞ አባቷ የጠገኑላት አሮጌ ኮምፒውተር ብቻ ነው። እኔ ማሳመሩ ይዞኝ የምትሽከረከር እንክብል፣ ቀለም የሚቀያይር ሰሌዳ፣ ምን ያልጨመርኩት አለ! ጋሼ አሮጌው ላይ አስነሡት፣ ጠበቁ፣ ከዚያ ተነሥተው ወጡ። ቆይተው ሲመለሱ እንክብሏ አሁንም ትዞራለች።

«ሻዬን ጠጣሁ፣ ከጎረቤት ተጨዋወትሁ፣ ተመልሼም ጠበቅሁት፤ ይኸው ነው» አሉ። ከዚያ የዘወትር ጥያቄያቸው መጣች፦ «ደልጊ ላይ ይከፈታል ወይ?»

ማንኛችንም የሠራነውን ስናሳያቸው የሚጠይቁን ይህንኑ ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ቢያምር፣ ቢፈጥን፣ ለሳቸው ምንም አይደለም። የዚያን ቀን ግን በጣም አኮረፍኩ። ውላ አድራ እንክብሏም ወጣች፣ ሰሌዳውም ተራቆተ። ባለፈው ሳምንት «አሁን ጾመ» አሉና ራሳቸው ሊጭኑት ይዘውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ ስላስቸገረ ይከፈት አይከፈት ሳልሰማ ቀረሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዛሬ እያለቀስኩም ሲከነክነኝ የዋለው ይኸው ነው። አይተውት ይሆን? ወይስ ሲጠብቁ ቀሩ? አባቷ ለሞተባት ልጅ ግን ይህ እንዴት ተብሎ ይጠየቃል?

ከሰዓት በኋላ ውባለም ራሷ ደወለች።

«ቤቱ በሰው ሞልቷል፣ ጓዳ ገብቼ ነው። ሳልነግርሽ ባድር እንቅልፍ አይወስደኝም። አባዬ ትናንት አመሻሽ ላይ ፕሮግራምሽን ጫነው። እኔ ሻይ ላፈላለት ተነሣሁ። ውኃውን እንደጣድሁ ‹ነይ እይ!› ብሎ ጠራኝ። ደስ ብሎታል በጣም። ‹ኔትወርክ ሲመጣ ለሐያት ደውይላት፤ ሻዩ ሳይፈላ ተከፈተ በያት› አለኝ።»

ሁለታችንም ስልኩ ላይ አለቀስን፣ ትንሽም ሳቅን።

አሁን ሁላችንም ክፍሏ ውስጥ ተሰብስበናል። ዛሬ ዓርብ ነው። ማንም ሳይናገር አዲሶቹ ላፕቶፖች ከቦርሳ አልወጡም። ይህን የምጽፈው በጋሼ አሮጌ ማሽን ነው፤ ፊደሉ ከጣቴ ኋላ ኋላ እየተንቀራፈፈ ይመጣል። ጠዋት ለቀብር ወደ ደልጊ እንሄዳለን።

ጋሼ፣ መልእክትዎ ደርሶኛል። ክፍሏን አንዘጋትም፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ረቡዕም በአሮጌው ነን። አኩርፌብዎት በነበረ ጊዜ እንኳ በሩን ዘግተውብኝ አያውቁም። ፈጣሪ ነፍስዎን በደጉ ቦታ ያኑርልን።

ደህና ይሁኑ ጋሼ። ደልጊ ላይ ተከፍቷል።