የሰኞ ጠዋት ወባ

አንድ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩም። ሁለት ሰዎች ከአንድ ጠርሙስ እኩል ጠጥተው ያድራሉ። ጠዋት አንዱ ፊቱን ታጥቦ ሥራ ይገባል፤ ሌላው ራሱን ይዞ እኛ ዘንድ ይመጣል። ለምን? መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ የሚያጠግብ መልስ ግን አላገኘሁም።

ጭሮን ያኔ አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። እዚያ በአንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ረዳት ሆኜ የገባሁት በደርግ ዘመን፣ በሰኞ ቀን ነው። ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስምንተኛን በማታ ጨርሼ ሥልጠና ስገባ አብረውኝ የተቀመጡት በዕድሜ ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉ ነበሩ።

ኃላፊዬ አቶ ግርማ ሥራውን በዚያው ጠዋት አሳዩኝ። ጣት በላንሴት ይወጋል፤ የደም ጠብታ ስላይድ በምንላት ቀጭን መስታወት ላይ ይደረጋል፤ ሲደርቅ ቀለም ውስጥ ይገባል፤ ታጥቦ እንደገና ሲደርቅ ዘይት ጠብ ተደርጎበት በማይክሮስኮፕ ይታያል። ቀን ቀን መብራት ስለማይኖር ማይክሮስኮፑ ብርሃን የሚያገኘው ከመስኮት፣ በትንሽ መስታወት ነበር። ስለዚህ ቦታዬ መስኮቱ ሥር ሆነ።

የዚያን ዕለት ወባ ያዘን ብለው ከመጡት በብዙዎቹ ደም ውስጥ ምንም አላገኘሁም። ቀለሙን ያበላሸሁት መስሎኝ ደግሜ ነከርኩ። አቶ ግርማ ሳቁ።

«ቀለሙ ደህና ነው። ትናንት እሑድ ነበር» አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። አንጎበር ወባን ይመስላል። ራስ ይወቅራል፣ ሆድ ይረበሻል፣ ብርድ ብርድ ይላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ከበታችን ደግሞ ቦርደዴ አለ፤ ቆላ ነው፣ እውነተኛ ወባ አለበት። ጠላው ነው የጣለኝ ብሎ በራሱ የሚስቅ ሰው አይጠፋም ነበር። መጠጣቱን ከቤተሰቡ የሚደብቅ ግን ወባን ይመርጣል።

ጀማል እንዲህ ነበር። ከጭሮ ቦርደዴ ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ጨዋታ ያውቃል። ጣቱን እየዘረጋልኝ «እትዬ አስካለ፣ ወባዎቼ ደህና አደሩ?» ይለኛል። ደሙ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ትንፋሹ ግን አረቄ ይሸታል። እኔ «አልተገኘም» ብዬ ጽፌ መድኃኒት ወደሚያዘው ጤና ረዳት፣ ወደ ድሬሰሩ፣ እልካለሁ። ድሬሰሩ ከቆላ የመጣ ራስ ምታት ወባ ነው ብሎ የወባ መድኃኒት፣ ክሎሮኪን፣ ይሰጠዋል። ውጤት ለበሽተኛው መንገር የእኔ ሥራ አልነበረም።

አንድ ክረምት እናቱ እማማ ፋጡማ መስኮቴ ድረስ መጡ። ልጃቸው መክሳቱን፣ ሰውነቱን ሲያከው እንደሚያድር ነገሩኝ። ቆላው ሊጨርሰው ነውና የመኪናው ባለቤት ከሥራ እንዲያወርደው ሊለምኑ ቆርጠዋል።

«አንቺ ደሙን ታይዋለሽ። ይሄ ወባ መቼ ነው የሚለቀው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«እሱን ይላኩልኝ» አልኳቸው።

ጀማል ሰኞ ጠዋት መጣ። ተሳፋሪዎቹን ጭኖ መኪናውን ደጃፋችን አቁሞታል። በሩን ዘጋሁት። ጣቱን ሲዘረጋ አልወጋሁትም።

«ጀማል፣ ወባ የለብህም። አንድም ቀን አላገኘሁብህም።»

ሳቀ። «ታዲያ ምንድን ነው?»

«አረቄ ነው።»

ሳቁ ቆመ፤ ዞሮ በሩን አየ። «ወላሂ፣ ድምፅሽን ቀንሺ። ለእናቴ ነግረሻታል?»

«ለማንም አልነገርኩም። መጀመሪያ የነገርኩት ላንተ ነው።»

ከዚያ አንድ በአንድ አስረዳሁት። ከምሳ በኋላ ጫት ይዞ ይቀመጣል፤ ጫት ምግብ ይዘጋል። ሲመሽ የጫቱን ምርቃና ለመስበር በባዶ ሆዱ አረቄ ይጠጣል፤ ጨብሲ ይሉታል። ጫቱ ስካሩን ስለሚሸፍንበት የጠጣው አይታወቀውም፤ ይጨምራል። አረቄው ሽንት እያበዛ ሰውነቱን ያደርቀዋል፣ ጨጓራውን ይልጠዋል፣ እንቅልፉን ይቆራርጥበታል። ጠዋት በዚህ ሁሉ ላይ ክሎሮኪን ይውጣል። እሱ ደግሞ ያሳክካል፣ ዓይንም ያደበዝዛል።

«ዓይኔማ ይደበዝዛል» አለ ቀስ ብሎ። «ቁልቁለቱ ላይ መንገዱ ሁለት የሚሆንብኝ ጊዜ አለ።»

«እንግዲያው ዛሬ አትንዳ። ውሃ ጠጣ፣ ትንሽ ቅመስ፣ ተኛ።»

«ሰው ጭኛለሁ እኮ። ምን ልበላቸው?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ።»

ወጣ። ተሳፋሪዎቹን ሲያነጋግር በመስኮቱ ሰማሁት።

«ወገኖቼ፣ ውረዱ። ወባዬ ተነስቶብኛል። ዛሬ ከነዳሁ ገደል ነው የምከታችሁ።»

አንዲት ሴት አላህ ያሽርህ አለችው። ሌሎቹ እያጉረመረሙ ዕቃቸውን አወረዱ።

ከዚያ ሰኞ ወዲህ ውጤት ወረቀት ላይ ጽፌ ብቻ አላለፍኩም። በሽተኛውን አስገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ የሕመሙን ስም ለራሱ እነግረው ነበር። የላቦራቶሪ ሥራ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።